አጥንቱ ገጥሟል፤ ዕድገቱስ?

አንድ የ12 ዓመት ልጅ እንውሰድ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ኳስ ሲጫወት ከሌላ ልጅ ጋር ተጋጭቶ ይወድቃል፤ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ያብጣል፤ መርገጥም ያቅተዋል። ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ራጅ ይነሣል፤ የጭን አጥንቱ የታችኛው ጫፍ መሰበሩ ይታወቃል። በማደንዘዣ ተስተካክሎ በፒን ይያዝና ጀሶ ይደረግለታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጀሶው ይፈታል፤ ፒኑም ይወጣል፤ ራጁ አጥንቱ መግጠሙን ያሳያል። ካርዱ ላይ «ድኗል» ተብሎ ይጻፋል፤ ቤተሰቡም አመስግኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እናቱ የልጇ ሱሪ በአንድ በኩል እንደሚጎተት፣ ልጁም ሲራመድ ወደ ጎን እንደሚያዘነብል ታስተውላለች።

ይህ የአንድ የታወቀ ሕመምተኛ ታሪክ ሳይሆን ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ነው። የሚገልጸው ችግር ግን በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። በምሳሌው ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የጎደለ ነገር የለም፤ ልጁ የተጎዳው «ድኗል» ከተባለ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ማንም ስላላየው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ከዚሁ ይነሣል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ስብራት ሕክምናው የሚያበቃው አጥንቱ ሲገጥም ሳይሆን፣ የተጎዳው የዕድገት ንጣፍ ሥራውን መቀጠሉ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ የሕክምናው ተከታይ ሳይሆን የሕክምናው አካል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባዋል።

የዕድገት ንጣፍ ምንነት

ረጃጅም አጥንቶች የሚረዝሙት ከመካከላቸው ሳይሆን ከጫፎቻቸው አጠገብ ካለ ስስ የልም አጥንት ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ የዕድገት ንጣፍ የምለው ይህንን ክፍል ነው። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት እንደ ዓምድ ተደርድረው ይባዛሉ፣ ይተልቃሉ፣ በመጨረሻም ቦታቸውን ለአዲስ አጥንት ይለቃሉ። ዕድገት ሲያበቃ ንጣፉ ራሱ ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ግን ከአጥንቱም፣ አጥንትን ከአጥንት ከሚያያይዙት ጅማቶችም ይልቅ ደካማው እርሱ ነው። በአዋቂ ላይ ወለምታ የሚያመጣ ኃይል በታዳጊ ላይ ንጣፉን ሊሰብር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በልጆች ላይ ከሚደርሱት ስብራቶች ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይህን ክፍል እንደሚነኩ ይገመታል፤ ቁመት በፍጥነት በሚጨምርበት የጉርምስና ዘመን ደግሞ ይበረክታሉ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ሮበርት ሶልተር እና ሮበርት ሃሪስ እነዚህን ጉዳቶች በአምስት ዓይነት ከፈሏቸው። በመጀመሪያው ዓይነት ስብራቱ በንጣፉ ውስጥ ብቻ ያልፋል። በሁለተኛው፣ ከሁሉም በሚበዛው፣ ከንጣፉ ወጥቶ የአጥንቱን ግንድ ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ከንጣፉ ተነሥቶ የአጥንቱን ጫፍ በመሰንጠቅ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። አራተኛው ጫፉን፣ ንጣፉንና ግንዱን አቋርጦ ያልፋል። በአምስተኛው ንጣፉ ይጨፈለቃል።

ይህ አከፋፈል ከ60 ዓመት በኋላም በየትምህርት ክፍሉ ይሰጣል፤ መሰጠቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚነግረን የስብራቱን መንገድ እንጂ የልጁን መጨረሻ አይደለም። በእጅ አንጓ በኩል ባለው የራዲየስ ጫፍ የሚደርስ የንጣፍ ስብራት ዕድገትን የሚያውከው ከመቶው አምስት ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። በጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ የሚደርሰው ግን በግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ የዕድገት መስተጓጎል ያስከትላል። ምክንያቱም በዚያ ቦታ ንጣፉ ዝርግ ሳይሆን ወጣ ገባ በመሆኑ፣ ስብራቱ አንዱን ድርብ ተከትሎ ከማለፍ ይልቅ አመንጪዎቹን ሕዋሳት እየቆረጠ ያልፋል። ስለዚህ «ሁለተኛ ዓይነት ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን በቂ አይደለም፤ «የት?» እና «ስንት ዓመት ዕድገት ቀርቶታል?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ሊመለሱ ይገባል።

ራጅ የማያሳየው

ልም አጥንት በራጅ አይታይም። በልጅ ራጅ ላይ ንጣፉ የሚታወቀው በሁለት አጥንቶች መካከል እንዳለ ጥቁር መስመር ነው፤ ካልተነቃነቀ በቀር ተሰብሮም ሳለ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በመሆኑም «ራጁ ንጹሕ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአዋቂ የሚሰጠውን ዋስትና ለታዳጊ አይሰጥም። ምርመራው የሚጀምረው በጣት ነው። ሐኪሙ ጅማቱ ያለበትን ለስላሳ ቦታና ንጣፉ ያለበትን አጥንት ለይቶ ይጫናል፤ ሕመሙ በአጥንቱ ላይ፣ ከመገጣጠሚያው ጥቂት ራቅ ብሎ ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከፊትና ከጎን የተነሡ ሁለት ራጆች፣ ሲያስፈልግም የጤናማው እግር ወይም እጅ ራጅ ለማነጻጸሪያ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላም የሚደገም ራጅ ብዙውን ጥርጣሬ ይፈታሉ። እነዚህን ለማድረግ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን አሉ።

በዚህ ነጥብ ላይ ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት፣ የቁርጭምጭሚታቸው ውጫዊ ጎን አብጦ ራጃቸው ንጹሕ የሆነ ልጆችን በኤምአርአይ መርምሮ እውነተኛ የንጣፍ ስብራት ያገኘው ከመቶው ሦስት ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው፤ የበዙት ወለምታ ወይም የአጥንት መቀጥቀጥ ነበራቸው። ስለዚህ ያበጠን ቁርጭምጭሚት ሁሉ በጀሶ መጠቅለል ትክክል አይደለም። ጥንቃቄው ወደሚገባው ቦታ መሄድ አለበት፤ ያም ጉልበትና የቅልጥም አጥንት የታችኛው ጫፍ ነው።

የቅልጥም አጥንት የታችኛው ንጣፍ የተለየ ትኩረት ይሻል። በጉርምስና መጨረሻ የሚዘጋው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ18 ወር ገደማ ውስጥ ነው፤ ከመካከሉ ይጀምርና ወደ ውስጠኛው ጎን ያልፋል፣ ውጫዊው የፊት ክፍል የመጨረሻው ይሆናል። በዚህ ጊዜ እግር ሲጠመዘዝ ገና ያልተዘጋው ማዕዘን በጅማት ተጎትቶ ይነቀላል፤ ይህ በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ስም የቲዮ ስብራት ይባላል። ስብራቱ በሦስት አቅጣጫ ሲሄድ ደግሞ ከፊት የተነሣው ራጅ አንድ ዓይነት፣ ከጎን የተነሣው ሌላ ዓይነት ያስመስለዋል፤ በሲቲ ስካን ካልታየ በቀር ትክክለኛ ቅርጹ አይገኝም። በነዚህ ስብራቶች የሚያሰጋው የዕድገት መቆም ብቻ አይደለም፤ ንጣፉ ሊዘጋ የተቃረበ ስለሆነ ዋናው ሥጋት የመገጣጠሚያው ገጽ መዛባት ነው። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ወይም እርከን ከቀረ ቀዶ ሕክምና የሚመከረው ለዚህ ነው።

የቀረው ዕድገት ስሌት

የአውስትራሊያው ሐኪም ማልኮም ሜኔላውስ ያቀረበው ቀላል ስሌት ዛሬም ያገለግላል። የጭን አጥንት የታችኛው ንጣፍ በዓመት 9 ሚሊሜትር ገደማ፣ የቅልጥም አጥንት የላይኛው ንጣፍ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል፤ የእግር ዕድገት በሴቶች በ14፣ በወንዶች በ16 ዓመት ገደማ ያበቃል። በመግቢያው ያነሣሁት የ12 ዓመት ልጅ አራት ዓመት ዕድገት ቀርቶታል። የተጎዳው ንጣፍ ሙሉ በሙሉ ከቆመ ልዩነቱ እስከ 3.6 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ንጣፉ በአንድ ጎኑ ብቻ ከቆመ ደግሞ ሌላው ጎን ማደጉን ስለሚቀጥል እግሩ ይጣመማል። ተመሳሳይ ስብራት በ14 ዓመት ልጃገረድ ላይ ቢደርስ ግን የዕድገት ጉዳቱ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ራጅ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ሊሰጣቸው የሚገባው ቀጠሮ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

እርግጥ ነው፣ የትውልድ ቀን በጽሑፍ ባልተያዘበት አካባቢ የልጁ ዕድሜ በግምት ይነገራል። ይህ ግን መፍትሔ አያጣም። የእጅ ራጅ የአጥንትን ዕድሜ ያሳያል፤ ልጃገረድ የወር አበባ ካየች ሁለት ዓመት ገደማ ከሆናት የእግሯ ዕድገት ሊያበቃ ተቃርቧል። እነዚህን መጠየቅና መመዝገብ ወጪ የለውም ለማለት ይቻላል።

ክትትሉ የሚፈልገውም ምልክት የታወቀ ነው። ከጉዳት በኋላ ዕድገት ለጥቂት ጊዜ ቀዝቅዞ ሲቀጥል በአጥንቱ ውስጥ ነጭ መስመር ይተዋል። ይህ የሃሪስ መስመር የሚባለው ሲሆን ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በራጅ ይታያል። መስመሩ ከንጣፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ከራቀ ዕድገቱ ደኅና ነው። ወደ ንጣፉ ካዘነበለና ከነካው ግን በዚያ ቦታ ንጣፉን አቋርጦ የሚይዝ የአጥንት ድልድይ ተሠርቷል ማለት ነው።

ይህ በጊዜ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል ነው። ድልድዩ ከንጣፉ ስፋት ከግማሽ በታች ከሆነና ቢያንስ ሁለት ዓመት ዕድገት ከቀረ፣ ፊንላንዳዊው ሐኪም አንደርስ ላንገንሺዮልድ ባስተዋወቀው መንገድ ድልድዩን አውጥቶ ቦታውን በስብ መሙላት ይቻላል። ይህ ካልሆነም የጤናማውን እግር ንጣፍ በተሰላ ጊዜ በመዝጋት ሁለቱን እግሮች ማስተካከል ይቻላል፤ ይህም ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው። ዕድገት ካበቃ በኋላ ግን ሁለቱም በሮች ይዘጋሉ። የሚቀረው አጥንቱን ቆርጦ ማቅናት ወይም ከውጭ በሚታሰር ብረት በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል እየሳቡ ማስረዘም ነው። አራት ሴንቲሜትር ለማስረዘም ለመሳቡ ብቻ 40 ቀን ያስፈልጋል፤ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ደግሞ ብረቱ ተጨማሪ ወራት ይቆያል። እንግዲህ ከአንድ ቀጠሮ መቅረት የሚያስከትለው ይህን ያህል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር በዚህ ቦታ የቃል ጌጥ ሳይሆን የሂሳብ ውጤት ነው።

ከወጌሻ ቤት እስከ ሆስፒታል

በሀገራችን ስለ ስብራት የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ ወጌሻን ቢዘል ግማሹን እውነት ይተዋል። ልጅ ሲወድቅ ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ይህን በድንቁርና ብቻ መተርጎም ስንፍና ነው፤ ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ቤተሰቡን በስም ያውቃል። ይሁንና ሁለት አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው በጥብቅ የታሰረ የቀርከሃ ወይም የሸምበቆ መደገፊያ ደም አግዶ የሚያመጣው ጋንግሪን ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይነገረው ሲሆን፣ ወለምታ ነው ተብሎ በተደጋጋሚ የሚታሸውና የሚጎተተው ንጣፍ በእያንዳንዱ ጉተታ ዳግም መጎዳቱ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ስሕተት የወጌሻ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ከተሰበረ ከአሥር ቀን በኋላ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ራጁ ላይ የሚታየውን መዛባት በኃይል ለማቃናት የሚደረገው ሙከራም ያው ስሕተት ነው። አንደኛና ሁለተኛ ዓይነት ስብራቶች ከ5 እስከ 7 ቀን ካለፋቸው በኋላ መግጠም ስለሚጀምሩ እነሱን በኃይል ማንቀሳቀስ ንጣፉን ይጎዳል፤ ዕድገት የቀረው ልጅ መጠነኛ መዛባትን ራሱ ያስተካክላል፤ የቀረውም በኋላ በቀዶ ሕክምና ሊቃና ይችላል። መገጣጠሚያን የሚነኩት ሦስተኛና አራተኛ ዓይነቶች ግን ዘግይተውም ቢመጡ መስተካከል አለባቸው። ይህን ልዩነት ሐኪሙም ወጌሻውም በየደረጃቸው ሊያውቁት ይገባል።

ወጌሻን ማስተማር እንደሚቻል ደግሞ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ በሚታተም የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ከኢትዮጵያ የቀረበ ጽሑፍ፣ ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና በጋንግሪን ምክንያት የሚደርሰውን የእጅና የእግር መቆረጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያን ጊዜ የተሰጠው ትምህርት ስለ ማሰር ነበር፤ አሁን ስለ ማሸት አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመርበት፦ ያላደገ ልጅ ከመገጣጠሚያው አጠገብ አጥንቱ ላይ ካመመውና መርገጥ ካቃተው አይታሽ፣ አይጎተት፣ ይላክ።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሥራ ጫና ነው። የዕለቱ ተረኛ ሐኪም በኮሪደር የተደረደሩ ሕመምተኞች እያሉት፣ አጥንቱ የገጠመን ልጅ ዳግም እንዲመጣ መቅጠር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። መልሴ ሁሉም ልጅ ይቀጠር አለማለቴ ነው። በእጅ አንጓ ለደረሰና በደንብ ለተስተካከለ ስብራት ከስድስት ወር በኋላ የሚደረግ አንድ ቀጠሮ ሊበቃ ይችላል። ረጅም ክትትል የሚያስፈልጋቸው በጉልበት ዙሪያና በቅልጥም የታችኛው ጫፍ ጉዳት የደረሰባቸው፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድገት የቀራቸው ልጆች ናቸው። እነዚህ ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቤተሰቡ አይመጣም የሚል ነው። ከገጠር የመጣ አባት ልጁ እየሮጠ ሳለ የትራንስፖርት ገንዘብ ከፍሎ፣ የእርሻ ቀኑን ትቶ ለምን ይመለሳል? ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለምን መመለስ እንዳለበት የነገረው ሰው የለም። «ስብራቱ ገጥሟል፤ አሁን የምንጠብቀው እግሩ እኩል ማደጉን ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከማንኛውም ማስፈራሪያ ይበልጣል። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያው መጠይቅ ሆስፒታል ድረስ መምጣትን አይጠይቅም። ከዳሌ አጥንት የፊት ጉብታ እስከ ቁርጭምጭሚት የውስጥ ጉብታ ድረስ ሁለቱን እግሮች በሜትር መለካትና ልጁን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጉልበቶቹን ማየት በጤና ጣቢያ ይቻላል፤ በቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ልትማረው ትችላለች። የሜትር ልኬት የራጅን ያህል ትክክል አይደለም፤ ማን ወደ ሆስፒታል ይመለስ የሚለውን ለመለየት ግን ይጠቅማል።

ምን ይደረግ?

የማቀርበው ሐሳብ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ጀሶ በሚፈታበት ቀን በልጁ ካርድ ላይ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ የተጎዳው ንጣፍ የት እንደሆነ፣ የስብራቱ ዓይነት፣ በግምት የቀረው ዕድገት፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን። በጉልበት ዙሪያ ለደረሰ ጉዳት ቀጠሮው በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም ዕድገቱ እስኪያበቃ ወይም ንጣፉ ጤነኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ይሁን። የሃሪስ መስመር መታየቱና አቅጣጫው በስም ተጠቅሶ ይመዝገብ። የካርዱ ቅጂ ለቤተሰቡ በአማርኛ ወይም በሚናገሩት ቋንቋ ይሰጥ።

ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ሰፊ የጥናት መስክ አለ። የሆስፒታል መዝገቦችን መሠረት አድርገው የሚሠሩ ጥናቶች ውጤትን ብዙውን ጊዜ በአጥንት መግጠም ይለካሉ፤ ይህም የሚሆነው መግጠም በስድስት ሳምንት ውስጥ ስለሚታይ፣ የዕድገት መቆም ግን ከምረቃችን በኋላ ስለሚታይ ነው። በሁለት ዓመት ፕሮግራም ውስጥ ያለ ተማሪ የሦስት ዓመት ክትትል ሊያደርግ አይችልም። ትምህርት ክፍሉ ግን ይችላል፤ አንዱ የጀመረውን መዝገብ ተከታዩ እንዲረከብ ማድረግ ብቻ በቂ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን እያንዳንዳቸው ከዜሮ የሚጀምሩ ከሚሆኑ፣ አንድ የተጠበቀ መዝገብ እየተቀባበሉ ቢያሳድጉ ለሀገሪቱ ልጆች የበለጠ ይጠቅማሉ።

በመግቢያው ወደጠቀስኩት ልጅ ልመለስ። ሕክምናው ጥሩ ነበር፤ ስብራቱ ተስተካክሏል፣ ገጥሟል። በስድስተኛው ወር አንድ ራጅ ቢነሣ ኖሮ መስመሩ ማዘንበሉ ይታይ ነበር፤ ሦስት ዓመት ተኩል ዕድገት ስለቀረውም ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይበቃው ነበር። አሁን 14 ዓመቱ ነው። እናቱ ዛሬ ብታመጣው የቀረው ሁለት ዓመት ገና ያገለግላል፤ ብታዘገየው ግን አያገለግልም። ይህን ልትነግራት የምትችለው በስድስት ሳምንቱ የተሰጠቻት ካርድ ነበረች።